መስመር ያልሳተው ሻርፕ

ሻርፑ ማለቂያ እንደሌለው ቤተሰቡ ሁሉ ተቀብሎታል። መጀመሪያ ላይ የአንድ ሰው አንገት የሚዞር ነበር፤ ቀጥሎ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የሚለብሰው ሆነ፤ አሁን ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የመኪና ጎማ ያህላል። ያገባችው ልጃቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ጥቅልሉን በእግሯ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ቀጭኔ ልታሳድጊ አስበሽ ነው?" ትላለች። የሠሪዋ ባል ደግሞ ዕድሜውን በከተማ አውቶብስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ስለሆነ፣ የመጨረሻ ፌርማታው የት እንደሆነ ይጠይቃታል። እሷ ትስቃለች፤ እጇ ግን አያቆምም።

ሚዛን ይሏታል። ስሙ የወጣላት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የኪኒን ፍሬ ስትቆጥር ጎድሎባት ወይ ተርፎባት ስለማያውቅ ባልደረቦቿ ለቀልድ የጀመሩት ስም ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ። ባሏ እንኳ "እሜቴ" እያለ ሊያሾፍባት ካላማረው በቀር ሚዛን ነው የሚላት።

ሻርፑን ለምን እንደምትሠራው ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሲጠይቋት፣ እጄን ላፍታታ ብዬ ነው ትላለች። እውነቱ ወዲህ ነው። እናቷ ከመሞታቸው በፊት፣ አእምሯቸው ጓዙን ጠቅልሎ ጥሏቸው ሲወጣ ቁጭ ብላ አይታለች። መጀመሪያ ምድጃ ማጥፋት ረሱ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ቀጥሎ የልጃቸውን መልክ። በመጨረሻው ሰሞን ሚዛንን ሲያዩ፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ስትቆዪ እናትሽ አይቆጡሽም?" ይሏት ነበር። በትሕትና፣ ለእንግዳ በሚቀርብ ፈገግታ ነበር የሚሏት፤ አንጀቷን የበላው እሱ ነው። ይህ ዓይነቱ በሽታ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይሄዳል ሲባል ሰምታለች። ማን እንዳለው ግን ረስታዋለች፤ መርሳቷ ራሱ ብዙ ጊዜ ክው አድርጓታል።

እናቷን ከቀበሩ በኋላ አመድማ ክር ገዝታ ጀመረች። ደንቡ ቀላል ነው። ሜዳው ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል፤ የተወሰነ መስመር ከሄደ በኋላ አንድ ቀጭን ጉብታ ያቋርጠዋል፣ አስፋልት ላይ እንዳለ የፍጥነት መግቻ። መስመሩን የምትቆጥረው በጭንቅላቷ ብቻ ነው። ጉብታው ከቦታው ከተዛነፈ ወይም አንድ ቀለበት ካመለጠ፣ የተዛነፈው ሻርፑ አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ከዚያ በፊት የሠራችውን በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች። ልክ ነው። ዛሬም ልክ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሿ ይወርድላታል፤ ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ባንኮኒው ጀርባ ትቆማለች። ሻርፑ ፈቅዶላታል። ቢያልቅ ማን ይፈቅድላታል? ስለዚህ አያልቅም።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ፣ ገና ፀሐይዋ ሳትገባ፣ አውራ ጣቷ መሐል ላይ ቆመ።

ሻርፑን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ጉብታው ቦታው ላይ ነው። ያመለጠ ቀለበት የለም። ግን አንድ ስንዝር የማይሞላ ቦታ ላይ ሜዳው ከረር ብሏል፣ እንደ ጠባሳ። ሹራብ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት እግር አለው። የሚዛን ቀለበቶች እግራቸውን ከፈት አድርገው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህሯ እንዳስተማረቻት። እነዚህ ግን እግራቸውን አጣምረው ነበር የተቀመጡት፤ ክሩ ከላይ መዞር ሲገባው ከታች ሲዞር እንዲያ ይሆናል። እንዲያ የሚያዞር አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። እናቷ ናቸው።

በልጅነቷ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። እናቷ፣ የኔ አይላላም፣ ያንቺ መምህር የምታስተምረው ወንፊት ነው ይሉ ነበር። እውነትም የሳቸው ሹራብ አይላላም፤ አንገቱን ለማስገባት ጆሮን መሠዋት ነበር የሚጠይቀው። አሁን ያ የከረረ እጅ ከመቃብር ተነሥቶ ሻርፏ ላይ ቁጭ ብሏል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር አክስቷ። ሚዛን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን አየቻቸው። መቼ ሠራሁት? ትናንት? ከትናንት ወዲያ? የሠራችውን ለማስታወስ ስትሞክር የመጣላት ክሩ፣ መብራቱና የባሏ ማንኮራፋት ብቻ ነው። እንደዚያ ዓይነቱ ምሽት ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። እስቲ ብላ ክሩን ከታች አዞረችው። እጇ አላንገራገረም። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ ስትሠራ እንደኖረች ሁሉ፣ ቀለበቱ እግሩን አጣምሮ የሹራብ ዘንጉ ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት ከእግሯ ጀምሮ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ የወጣባት። ቶሎ ፈታችው። ከዚያ በኋላ የሠራችውን እንዴት እንደሠራችው አታውቅም፤ ቶሎ ብዙ ሠርታ ያንን ቦታ ከዐይኗ ማራቅ ብቻ ነበር የፈለገችው።

ራት ላይ ባሏ እንቁላል እየላጠ ምን ሆነሻል አላት። ደክሞኝ ነው አለች። ዐይኑ ወደ ጥቅልሉ ሄዶ ተመለሰ፤ እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ሳህኗ ላይ አደረገላት።

በማግስቱ ባንኮኒው ጀርባ ስትቆም እጇ የተዋሰችው ዕቃ መሰላት። የሐኪሙን ማዘዣ ታነባለች፤ መደርደሪያው ጋ ደርሳ ትመለስና ደግማ ታነባለች። ፍሬ ቆጥራ ትጨርሳለች፤ መልሳ ሳህኑ ላይ ታፈሰዋለች። ሰልፉ በሩ ጋ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ከኋላቸው ወዳለችው ሴት ዞር ብለው፣ ይቺ ልጅ መድኃኒቱን እዚሁ እየቀመመችው ነው እንዴ ሲሉ ሰዉ ሳቀ። እሷም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ደርቆ ጥርሷ ላይ ተጣበቀ።

ከዚያ አንድ ወጣት አባት ሕፃን ታቅፎ መጣ። የሕፃኑ ጉንጭ በትኩሳት ቀልቷል። የትኩሳት ሽሮፕ ነው የታዘዘለት። ሚዛን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ካርቶኑ ላይ ስንት ስንት እንደሚወስድ ጻፈች፣ ልትሰጠው እጇን ዘረጋች፤ እጇ አየር ላይ እንዳለ ካርቶኑን አየችው። ለትልልቅ ልጆች የሚሰጠው፣ ጠንካራው ነበር። ሁለቱ ካርቶኖች መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ማንም ሊሳሳት ይችላል። ይቅርታ ብላ ተመለሰች፤ ለወጠች፤ እንደገና ጻፈች። አባትየው ምንም አላስተዋለም፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሏት ሄደ። ማንም ሊሳሳት ይችላል፣ አለች እንደገና ለራሷ።

የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ፋርማሲስት ናት። ራሴን አሞኛል ስትላት፣ አንቺ ስትታመሚ የመጀመሪያ ጊዜ አየሁ ብላ ጋዋኗን ራሷ አወለቀችላት። ሚዛን አውቶብስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፤ ቤት ስደርስ እነዚያን መስመሮች እተረትራቸዋለሁ። ከሌሉ የሉም።

በሩን ስትከፍት ሬዲዮ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጮኻል። ባሏ ከመስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዷል፤ ምላሱን በጥርሱ ነክሷል፣ ፊደል እንደሚማር ሕፃን። መሪ የለመደው ወፍራም እጁ ውስጥ የሷ ዘንግ አለ። ሻርፑ ጉልበቱ ላይ ነው።

ሲያያት ሁሉንም ትራሱ ሥር ወሸቀው፤ ሽንት ቤት ሲጋራ ሲያጨስ የተያዘ ተማሪ ነበር የሚመስለው።

"አንተ ነህ?" አለች።

"ምኑን?"

"እግራቸውን ያጣመሩትን። አንተ ነህ የሠራኸው?"

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። "ተያዝኩ እንግዲህ" አለ።

ሚዛን ቦርሳዋን ጥላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። ዕንባዋ እስኪፈስ፣ ሆዷን ይዛ፣ ጎረቤት የሚሰማውን ያህል ሳቀች። እሷ አይደለችም። እናቷም አይደሉም። ይሄ እንቁላል እንኳ በወጉ መላጥ የማይሆንለት ሰውዬ ነው። ከየት ተማርክ ስትለው፣ ወገቡን ታሞ ቤት በዋለበት ዘመን አማቱ እንዳስተማሩት ነገራት። ያን ጊዜ እሷ ሥራ ስትውል ሽማግሊቷን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ልጃቸውን የማያውቁት ሴትዮ ክርና ዘንግ አልረሱም። እሱን የሰፈር ልጅ መስሏቸው፣ ሲሳሳት በዘንጉ ጀርባ ጣቱን ይመቱት ነበር።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?"

"ሹፌር ሹራብ ይሠራል ተብሎ ጋራዥ ውስጥ ማን ያስቀምጠኛል? 'ሻርፕ' ብለው ስም ያወጡልኝ ነበር።"

እንደገና ሳቀች። ሻይ ላፍላ ብላ ተነሣች። ውሃው እስኪፈላ ወጥ ቤት ቆማ በመስኮቱ የታጠበ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ አየች፤ ዓለም እንደዚያ ንጹሕ ሆና የታየቻት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ስኳሩን አብዝታ ጨመረች። በልቧ ማታ ለልጇ ደውላ የምትነግራትን እያሰማመረች ነበር፤ አባትሽ ጉድ አደረገኝ፣ ልታብድ ነው የነበረው እናትሽ እላታለሁ ብላ።

ሁለቱን ብርጭቆ ይዛ ስትመለስ እሱ ሻርፑን ከትራሱ ሥር አውጥቶ እያስተካከለ ነበር። እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ክር ተከምሯል። አንዴ የተሠራ ክር ሲፈታ ቀጥ አይልም፤ የነበረበትን ቅርጽ ይዞ እንደ ጠጉር ይጠቀለላል። ክምሩ ትንሽ አልነበረም።

ሚዛን ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች። እጁን ለማፍታታት ሻርፕ የሚሠራ ሰው መስመር ይጨምራል እንጂ የተሠራውን አይፈታም።

"የማታውን ነው የፈታኸው?"

እሱ ሬዲዮኑን ቀነሰው። "ትንሽ ተዛንፎ ነበር" አለ።

ምን ያህል ስትለው፣ ጉብታው ሁለት ጊዜ ተደግሟል፣ መሐል ላይም ቀለበቶች ወድቀው ወደ ታች ተተርትረዋል አላት። ማታ ተረብሼ ነው፣ አለች በፍጥነት፤ ያንተን መስመር አይቼ ነው የተረበሽኩት፣ ማንም ቢሆን ይሳሳታል። አዎ፣ አላት፣ ማንም ይሳሳታል። በጣም ቶሎ ነው የተስማማው። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ቶሎ ተስማምቶ አያውቅም።

"ያ የከረረውስ? እሱንስ ለምን ሠራኸው?"

ወለሉ ላይ ያለውን ክር መሰብሰብ ጀመረ።

"እሱም ተዛንፎ ነበር?"

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በፊት በፊት፣ አለ ብርጭቆውን ሳያነሣ፣ ያመለጠ ቀለበት ካገኘ በኪሮሽ ጫፍ ስቦ ያወጣዋል፤ አይታይም። እዚያ ላይ ግን የሚሳብ ነገር አልነበረም፤ ብዙ ስለሆነ ፈትቶ እንደገና መሥራት ነበረበት። እሷ ደግሞ እሱ ያልጠበቀውን አየች፤ እሱ የሚያውቀው የአማቱን አዟዟር ብቻ ነው።

"በፊት በፊት" ያላት ቃል ቤቱ ውስጥ ቀረች። ሬዲዮኑ ውስጥ ሕዝብ ጮኸ፤ ጎል ገብቷል መሰለኝ አለ ሰውየው፣ ለማንም ሳይሆን።

"ከየት ጀምሮ እንደሆነ አሳየኝ" አለች።

ምን ያደርግልሻል አላት። አሳየኝ አለችው እንደገና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ይህን ድምፅዋን ያውቀዋል። ጥቅልሉን አቅፎ ተነሣ። እሷ ዘንጉ ያለበትን ጫፍ ይዛ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ወደ ኋላው እየዘረጋ ሄደ። ሻርፑ ሳሎኑን አቋረጠ፣ በሩን አልፎ ኮሪደሩን ያዘ፣ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋውን ዞሮ ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ አመድማ ወንዝ የፈሰሰ ይመስል ነበር። ከዚያ ባሏ ተመልሶ አጠገቧ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ እዚህ አለ በጣቱ፣ ትናንት ያየችው ጠባሳ ላይ። ትንሽ ሄዶ፣ እዚህ። ጠጋ ብላ ስታይ፣ እውነትም በሰልፉ መሐል አንዲት ቀለበት እግሯን አጣምራ ቆማለች። እዚህ። እዚህም።

ሳሎኑ በር ጋ ሲደርስ እንዲያቆም ለመነች፤ በልቧ። አላቆመም። ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ ከዐይኗ ተሰወረ። ከዚያ በኋላ የሚሰማት የነጠላ ጫማው ድምፅ ብቻ ነው። ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጉልበቱ ቋ ይላል፣ ይራመዳል። በቆመ ቁጥር እሱ መጨረሻው ይሁን ትላለች። መታጠቢያ ቤቱን አለፈ። የልጅቷን ክፍል አለፈ። አሁን መኝታ ቤት ነው፤ ምንጣፉ ላይ ስለገባ እግሩ አይሰማም። እጇ የሻርፑን ጫፍ ጨምድዶ ይዞታል። አንዴ ሳብ ያለባት መሰላት፤ ከወዲያ ጫፍ የነካው እሱ ነው።

"እዚህ ጋ ነው" ሲል ሰማችው። ድምፁ ከሩቅ ነው የመጣው።

ተነሥታ ሄደች። ባሏ ከአልጋው ባሻገር ተንበርክኳል። የነካው ቦታ ላይ የክሩ ቀለም ከሌላው ትንሽ ጠቆር ይላል፤ ባለሱቁ ክር ከመቀየሩ በፊት የሠራችው ነው። ያኔ ልጃቸው ገና አላገባችም፤ እዚሁ ቤት ነበረች። ሚዛን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ይሄን ሁሉ ጊዜ ልክ ነው እያለች በአውራ ጣቷ ስትዳብስ የኖረችው የሱን እጅ ነው።

"ለምን?" አለችው።

እሱ ከወለሉ አልተነሣም። "ዳብሰሽ ስትጨርሺ ትተነፍሻለሽ" አለ። "አይቼሻለሁ። ያን ቀን ትስቂያለሽ፣ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ። ሻርፑ ደህና ከሆነ አንቺም ደህና ትሆኛለሽ ብዬ ነዋ።"

የሚቆጣ ሰው ፊት አልነበራትም። እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ከዚያ፣ እዚያው እንደተቀመጠች፣ ሁለተኛው ነገር መጣባት፤ ከመጀመሪያው የባሰው።

"እኔ እኮ በሱ ነበር ሥራ የምሄደው" አለች። "ሻርፑ ልክ ነው እያልኩ ነው ለሰው መድኃኒት የምሰጠው።"

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ይህን አስቦት አያውቅም፤ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሲወርድ ታያት። ያሰበው ስለ ሚስቱና ስለ ክር ብቻ ነበር።

ስልኩን ራሷ አነሣች። ፋርማሲስቷ ራስ ምታቱ እንዴት ሆነልሽ ብላ ልትጀምር ስትል አቋረጠቻት። ከዛሬ ጀምሮ ባንኮኒው ላይ እንደማትቆም፣ ለምን እንደሆነም በአጭሩ ነገረቻት። የሰጠሁትን ሁሉ ሰው ይይልኝ፣ ከቅርቡ ጀምሩ አለች። ፋርማሲስቷ፣ ኧረ ሚዛን፣ አንቺማ ስትል፣ ሚዛን አትበይኝ አለቻት በቀስታ።

"ዛሬ ጠዋት ሕፃን ታቅፎ የመጣ ሰው ነበር። ለትኩሳት። ጠንካራውን አንሥቼ ነበር፣ ለውጬዋለሁ። የለወጥኩት ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምልሽ። ስልክ ቁጥሩ ማዘዣው ላይ ይኖራል፤ አሁኑኑ ደውይለት።"

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሁለቱ ሳሎን ተመልሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሻርፑ እንደተዘረጋ ነው፣ ማንም አልጠቀለለውም። ሻዩ ቀዝቅዟል። የሕፃኑን ቀይ ጉንጭ ታየዋለች። ካርቶኑን ስትመልስ ታየዋለች፣ ሌላውን ስታወርድ ታየዋለች፤ ግን አየችው ወይስ እንዲያ እንዲሆን ስለፈለገች ነው የሚታያት? ባዶ እጅ መቀመጥ ሲያቅታት ዘንጎቹን አነሣች። ባሏ ጣቷን ያያል። አንድ ቀለበት ከዘንጉ ሾልኮ ወደቀ። አየ። እሷ አላየችም፤ የሱ እጅ ሲነሣ ግን አየች።

"ተወው" አለች።

እጁን ጭኑ ሥር ከተተው።

ስልኩ ሲጮኽ ሁለቱም ዘለው ተነሡ። ፋርማሲስቷ ናት። ሰውየውን አግኝታዋለች፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን አስነብባዋለች፤ ትክክለኛው ነው፣ የሕፃኑ። ልጁም ትኩሳቱ በርዶለት ተኝቷል። ድምፅዋ ዕንባ ዕንባ ይላል። ሹፌሩ ከስልኩ ውስጥ የሚወጣውን ሰምቶ ተመስገን አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ሚዛን ግን ስልኩን አላስቀመጠችም።

"ደግ" አለች። "ከሱ በፊት የነበሩትስ?"